ባልተሰማ ሰው ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ

አንድ ጠበቃ የድካሙን ዋጋ ያልከፈለውን ደንበኛውን ከሰሰ፤ መጥሪያውም ደረሰ፤ በቀጠሮው ቀን ግን ተከሳሹ ሳይመጣ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በየአገሩ ችሎት ዘወትር ይታያል። ዳኛው ምን ያድርግ? ቢጠብቅ የሠራው ሰው ዋጋው ይቀርበታል፤ ቢፈርድ ያንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ ፈረደ ይባላል። ሠራተኛ ለደመወዙ የተገባ መሆኑ በወንጌል ተነግሯል፤ ጠበቃም ሠራተኛ ነው፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ደግሞም ዕዳውን ላለመክፈል ሲል ብቻ ከችሎት የሚሸሽ ብዙ ነው፤ መቅረትን ጋሻ ማድረግ የተፈቀደ ቢሆን ፍርድ የሚባል ነገር ባልኖረም ነበር።

ዳሩ ግን ዝምታ ሁሉ ማመን አይደለም። አንዱ በንቀት ይቀራል፤ አንዱ በሕመም፤ አንዱም በኀፍረት። በጠበቃ ዋጋ ክርክር ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ፤ ስለ ተከሳሹ ይናገር የነበረው አፍ ዛሬ የከሳሽ አፍ ሆኗል። ለፊተኛው ጠበቃ መክፈል ያቃተው ሰው ሁለተኛውን በምን ይቀጥራል? ምስጢሩን ሁሉ የነገረውም ለዚሁ ለከሳሹ ነው።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሆነው ነገር ለዚህ ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል። ጠቡ የጠበቃ ዋጋ ባይሆንም የዋጋ ጠብ ነበር። የሥላሴ ኮሌጅ አለቃ ሪቻርድ ቤንትሊ እ.ኤ.አ. በ1717 የመንፈሳዊ ትምህርት ዶክተርነት ከሚቀበሉት ሰዎች ከተለመደው በላይ አራት አራት ጊኒ ጠየቀ። ከእነርሱ አንዱ ኮንየርስ ሚድልተን ገንዘቡ ይመለስልኝ ብሎ በዩኒቨርሲቲው ችሎት ከሰሰው። ቤንትሊ ችሎቱን ናቀ፤ አልቀረበምም። ዩኒቨርሲቲውም ተቈጥቶ በ1718 ማዕርጉን ሁሉ ገፈፈው። በትዕቢቱ የታወቀ ሰው ስለ ነበረ ለማዘን አይመችም። የንጉሡ ችሎት ግን ሳይጠራና ሳይሰማ ማዕርጉን መግፈፍ አይገባም ብሎ ፈረደ፤ በ1724ም ተመለሰለት። ከዳኞቹ አንዱ ፎርቴስኪው ያመጣው ምስክር ኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን አዳምን ወዴት እንዳለ ሳይጠይቀው፥ መልሱንም ሳይሰማ ከገነት አላስወጣውም።

ልብ ይሏል፤ ቤንትሊ ስለ አራቱ ጊኒ ተጠርቶ ነበር፤ ስለ ማዕርጉ ግን አልተጠራም። ተጠርቶ መቅረትና ከቶ አለመጠራት አንድ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥርዐት፥ የተጠየቀው ገንዘብ ልኩ የታወቀ ሲሆንና ከሳሹ በመሐላ ሲያረጋግጥ፥ ባልቀረበው ሰው ላይ የመዝገብ ሹሙ ያለ ዳኛ ፍርዱን እንዲጽፍ ይፈቅዳል። ነገር ግን የጠበቃን ዋጋ ልኩን ያወቀው ማን ነው? የሠራበትን ሰዓት የቈጠረው ራሱ ከሳሹ ነው። በኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ግን በቁጥር 70፥ መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ ሲቀር ነገሩ እርሱ በሌለበት ይሰማል አለ እንጂ ይረታል አላለም። ዳኛው ለቀረው ሰው ጠበቃ ይሁንለት ማለት አይደለም፤ ውሉን ማንበብና የተሠራውን ሥራ መመዘን ግን የራሱ የዳኛው ግዴታ ነው፤ ባዶ ወንበር ይህን አያስቀርለትም። ቁጥር 78ም መጥሪያው በሚገባ ላልደረሰው ወይም በቂ ምክንያት ላገደው ሰው፥ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሣልኝ ብሎ እንዲያመለክት በር ይከፍትለታል። ወሩ የሚቈጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ሰውዬው ካወቀበት ቀን መሆኑ ታላቅ ርኅራኄ ነው፤ ብዙ ሰው የተፈረደበትን የሚያውቀው ንብረቱን ሊይዙበት ሲመጡ ነውና።