ዋጋው ራሱ ሚዛን ሲሆን

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ባለ ሽቦ ኤርፎን ፈትቶ ላየው ሰው በውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው፦ ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት፣ ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ከጥቅሉ ጋር ተጣብቆ እየተርገበገበ አየሩን የሚገፋ ስስ ሽፋን፣ ይህን ሁሉ የያዘ ቀፎና ለስላሳ የጎማ ጫፍ። ሙንድሮፕ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው «ቹ» በየጆሮው አንድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ድምፅ ማውጫ ይዞ በ20 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያወጣው «አይ ኢ 900»ም በየጆሮው ያለው አንድ ባለ 7 ሚሊ ሜትር ድምፅ ማውጫ ብቻ ነው፤ ሲወጣ የተጠየቀበት ግን 1,300 ዶላር ገደማ ነበር። በ20ው ዶላር ውስጥ የአምራቹም የነጋዴውም ድርሻ፣ የማጓጓዣውም ወጪ አለ፤ ስለዚህ ዕቃውን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ከዚያ እንደሚያንስ ለማወቅ የፋብሪካውን መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም። የውዱ ቀፎ ከአሉሚኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ብዙ ምርምርም አለበት። ያም ሆኖ የ65 እጥፍ ልዩነቱ አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፦ ዕቃን ከወጣበት ወጪ እጅግ አብልጦ መሸጥ በደል ነውን?

በእኔ እምነት ልዩነቱ በራሱ በደል አይደለም። «አምስት ዶላር የማይሞላ ፕላስቲክ» እያሉ የሚቆጡ ሰዎች ቁጣቸው ቢገባኝም ስሌታቸው ጎደሎ ነው። የመጽሐፍ ዋጋ የወረቀቱና የቀለሙ ድምር እንዳልሆነ ሁሉ፣ በኤርፎኑ ዋጋም ውስጥ ሳይሳካ የተጣለ ሙከራ፣ የመሐንዲስ ደመወዝ፣ የሱቅ ኪራይ፣ ቀረጥና ተበላሽቶ የተመለሰ ዕቃ አለ። የቀደሙት ሕጎችም ትርፍን አልከለከሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን የስንዴን ዋጋ አይወስንም፤ አጥብቆ የሚጠይቀው ሚዛኑና መስፈሪያው እውነተኛ እንዲሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1710፣ ውል ለአንደኛው ወገን እጅግ ስላደላ ብቻ እንደማይፈርስ ይደነግጋል፤ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን ወይም የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ ግን ለፍትሕ ሲባል ሊፈርስ ይችላል። ኤርፎን የገዛ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ይክሰስ ማለቴ አይደለም። አንቀጹ ዓይናችንን ከልዩነቱ ስፋት አንሥቶ ገዢው እሺ ወዳለበት መንገድ ይመልሰዋል።

ታዲያ የኤርፎን ገዢ እሺ የሚለው ምን አይቶ ነው? ስንዴ ገዢ እህሉን በእጁ ዘግኖ ያያል፤ ሲሰፈርለትም ቆሞ ይጠብቃል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ግን ለንጽሕና ሲባል ታሽጎ ስለሚሸጥ አብዛኛው ገዢ ከመክፈሉ በፊት አይሰማውም። ሌላው ያመሰገነውም ለእርሱ ላይሆነው ይችላል፤ የጎማው ጫፍ የጆሮውን ቀዳዳ በደንብ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣልና። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው የሚቀረው ምልክት ዋጋው ነው፤ «ውድ ከሆነ ጥሩ ቢሆን ነው» ብሎ ይወስናል። በዚህ ገበያ የሚዛንን ሥራ የሚሠራው ዋጋው ራሱ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የሚዛን ሕግ በእርሱም ላይ ይጸናል፤ ጥራትን ሳይለካ እንደሚለካ ሆኖ የሚቀርብ ዋጋ አባይ ሚዛን ነው። መለካት አለመለካቱም ለግምት የተተወ አይደለም። ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጥናት የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ማዳመጫው ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣበት መጠንና በዋጋው መካከል ዝምድና አላገኘም። ጥናቱ ምቾትንና ጥንካሬን አልመዘነም፤ በእነዚህ ውዱ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ሰው ኤርፎን የሚገዛው ከሁሉ በፊት ለድምፁ ነው፤ ዋጋው የማይመሰክረውም በዚሁ በዋናው ነገር ላይ ነው።

«ነጋዴው ዋጋ ጻፈ እንጂ መቼ ዋሸ?» የሚል መልስ ይመጣል። ክርክሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል፣ በተራበችው የሮድስ ደሴት ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ስለደረሰ ነጋዴ ያነሣል። ሌሎች መርከቦች እህል ጭነው ከኋላው እየመጡ መሆኑን ነጋዴው ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ፈላስፋ ዲዮጋንስ አለመናገር መሸሸግ አይደለም ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ሊያውቅ ይገባል አለ፤ ሲሴሮም ለአንቲጳጥሮስ ፈረደ። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። የእህሉ ነጋዴ ቢያንስ ረኀቡን አልፈጠረውም፤ የኤርፎኑ ሻጭ ግን ውድነት የጥራት ማስረጃ ነው የሚለውን እምነት በማስታወቂያውና በማሸጊያው ሲኮተኩት የኖረ ነው። ለስሙ እንደሚከፍል አውቆ የሚከፍል ሀብታም አልተበደለም፤ ይህን የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድም ለይቶታል። ከገበያው ዋጋ በአንድ ስድስተኛ አብልጦ የሸጠ ሻጭ በሕጉ ይጠየቃል፤ ዕቃው የሚያወጣው የሚጠይቀውን ግማሽ ብቻ መሆኑን ገልጦ ተናግሮ ከገዢው ጋር የተስማማ ግን አይከሰስም። የተበደለችው ከዐረብ አገር ደመወዟ ቆጥባ ለወንድሟ «ጥሩውን» ልትልክ ፈልጋ፣ ከመደርደሪያው ሌላ ምስክር አጥታ ውዱን የምታነሣው ናት።

ዋጋ ምስክር ነው ካልን ርካሹንም መጠየቅ ግድ ይሆናል። በገመድ አልባው ኤርፎን ውስጥ ያለችው ትንሽ የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ኮባልት አለባት፤ ከዓለም ኮባልት ከግማሽ የሚበልጠው ደግሞ የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ በዚያ በእጅ በሚቆፈሩ ጉድጓዶች አካባቢ ሕፃናት ሲሠሩ መገኘታቸውን ጽፏል። ድካማቸው «የማምረቻ ወጪ» በሚባለው ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ከምንም በማይቆጠር ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ወደ እውነተኛ ወጪው ይውረድ የሚል ሰው ያ ወጪ ራሱ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ረከሰ መጠየቅ አለበት። ባትሪዋም ብዙ ጊዜ በሙጫ ታሽጋ ስለምትቀመጥ እርሷ ስትደክም ዕቃው በሙሉ ይጣላል፤ ይህም ዋጋው ላይ አይታይም። የአውሮፓ ኅብረት ተጠቃሚው ባትሪውን ራሱ አውጥቶ መተካት እንዲችል አምራቹን የሚያስገድደው ሕግ፣ ከጥቂት ዕቃዎች በቀር፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ እንዲሠራ ደንግጓል። ዋጋው ላይ የማይታየውን ለገዢው ለመናገር የንግድ ምስጢር እንቅፋት ነው የሚሉ አሉ። ግን የትርፉን መዝገብ ያሳይ ያለ የለም፤ የሚጠየቀው አምራቹ ዕቃውን ሲሠራ የለካውን የድምፅ ልኬት፣ የባትሪውን ዕድሜና የኮባልቱን ምንጭ በሳጥኑ ላይ እንዲያትም ነው። የድምፁን ልኬት አንዳንድ አምራቾች ዛሬም ያትሙታል።