እጀታውን የለወጠ ሰው

በመሣሪያ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ባለቤቶች አሉት፤ አንዱ መሣሪያውን የሠራው፣ ሌላው የያዘው ነው። ሥራው ሲሰምር ምስጋናው፣ ሲበላሽም ወቀሳው ለሁለቱ እንዴት እንደሚከፈል የሥነ ምግባር ፍልስፍና ከጥንት ጀምሮ የጠየቀው ጉዳይ ነው። ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ግን መሣሪያውን የያዘው ሰው በራሱ ፈቃድ ፈትቶ፣ ሠሪው ያደረገበትን አካል አውጥቶ፣ በምትኩ ሌላ ሲያስገባበት ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ መሣሪያ የሚደርሰው መልካምም ሆነ ክፉ ነገር የማን ነው? ይህ ጥያቄ ከሩቅ ሲታይ ተራ በሚመስል አንድ ጉዳይ፣ ይኸውም በሞተር መጋዝ ላይ በሚደረግ የእጀታና የጥርሳም ብረት ለውጥ፣ በግልጽ ይታያል።

የሞተር መጋዝ፣ በተለምዶ ቼይንሶው የሚባለው፣ በረጅም ጠፍጣፋ ብረት ዙሪያ በፍጥነት በሚሽከረከር ስለታም ሰንሰለት እንጨት የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራና ሁለት ሰው የሚይዘው መጋዝ ሠራ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በቤንዚን የሚሠራው ተከተለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የሚሠራው ግን ከዚያው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። ዛሬ የሽቲልም ሆነ የስዊድኑ ሁስቅቫርና መጋዞች በመላው ዓለም ስለሚሸጡ፣ ቅርጻቸው ለብዙ ዓይነት ሰውና ለብዙ ዓይነት ደን እንዲስማማ ተደርጎ የተመጠነ ነው። ለሁሉ እንዲስማማ የተመጠነ ነገር ደግሞ ለአንዱ በትክክል የማይገጥምበት ቦታ አይጠፋም።

ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ማለትም የኦሪገን፣ የዋሽንግተንና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራራማ ደን ነው። በዚያ የሚበቅለው ዳግላስ ፈር የተባለው የጥድ ዘመድ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ ያረጀው ዛፍ ቅርፊት ብቻውን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊወፍር ይችላል፤ መሬቱም ገደላማ በመሆኑ ቆራጩ በዛፉ ዙሪያ እንደ ልቡ ተዘዋውሮ ምቹ መቆሚያ መምረጥ አይችልም። በመደበኛው መጋዝ ላይ የፊት እጀታ የሚባለው ጎባጣ ቱቦ ከመጋዙ አናት ተነሥቶ በግራ ጎኑ ብቻ ይወርዳል። መጋዙ ግራ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ሲጋደም የቆራጩ ግራ እጅ የሚጨብጠው አያጣም፤ ከዛፉ በሌላው ወገን ለመቁረጥ ቀኝ ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ ሲያጋድመው ግን ያው እጅ ደህና መጨበጫ አያገኝም። ስለዚህ የዚያ አገር ቆራጮች የፊቱን እጀታ አውጥተው መጋዙን ከግራም ከቀኝም በሚከብ ሙሉ እጀታ ይተኩታል፤ ይህን እጀታ አንዳንዴ የመጋዙ አምራች ራሱ፣ ብዙ ጊዜ ግን መለዋወጫ ብቻ የሚሠሩ ሌሎች ድርጅቶች ያቀርቡታል።

ሁለተኛው ለውጥ የጥርሱ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ከሞተሩ አካል በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ሾጣጣ ጥርሶች ያሉት ብረት በብሎን ታስሮ ይገኛል። ቆራጩ መቁረጥ ሲጀምር እነዚህን ጥርሶች ግንዱ ላይ ይተክላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መጋዙን በክንዱ ጉልበት መግፋት ሳያስፈልገው የኋላ እጀታውን ብቻ ሲያነሣ፣ መጋዙ በጥርሱ ላይ እንደ ምሰሶ ተደግፎ ይዞርና ሰንሰለቱ ወደ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ዛፍ በሚጣልበት ጊዜ በመጀመሪያ ዛፉ እንዲወድቅ በተፈለገበት ወገን እንደ ተከፈተ አፍ ያለ ቁርጥ ይወጣል፤ ቀጥሎ ከጀርባው በኩል ይቆረጣል፤ በሁለቱ ቁርጦች መካከል ሳይነካ የሚቀረው ቀጭን እንጨት ማጠፊያ ይባላል፣ ዛፉም እየታጠፈ ወደ ታሰበለት አቅጣጫ የሚወርደው በዚያ ነው። ማጠፊያው በአንዱ ጫፍ ከቀጠነና በሌላው ከወፈረ ዛፉ ሊጠመዘዝ ይችላል። ቆራጩ የጀርባውን ቁርጥ እየተመለከተ በልኩ ማቆም የሚችለው ጥርሱ በጽኑ ሲይዝለት ነው፤ ከፋብሪካው ጋር የሚመጣው አጭር ጥርስ ደግሞ ወፍራም ቅርፊት ሲገጥመው ከቅርፊቱ አልፎ ጠንካራውን እንጨት ስለማይነክስ፣ ቅርፊቱ እየተፈረፈረ መደገፊያው ይከዳል። ረጃጅም ጥርስ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከሁለቱ ለውጦች አንዱም ለሞተሩ ጉልበት የማይጨምር መሆኑ ነው። ቤንዚኑ ያው ነው፣ ሰንሰለቱም ያው ነው፤ የተጨመረው አያያዝ ነው። በጉልበትና በአያያዝ መካከል ያለው ልዩነት በሥነ ምግባር ረገድ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበት አንድ ሰው ሊያደርግ የሚችለውን ነገር መጠን የሚያሰፋ ሲሆን፣ አያያዝ ግን የተደረገው ነገር በእርግጥ የአድራጊው ፈቃድ ውጤት እንዲሆን የሚያደርግ ነው። አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ፣ እጅ ሌሎችን መሣሪያዎች ሁሉ የሚሠራባቸው መሣሪያ እንደሆነ ያስተምራል። በዚህ ትምህርት መሠረት እጀታ ከመሣሪያው ይልቅ ለእጁ የቀረበ ነው፤ ወደ ብረቱና ወደ ሞተሩ የሰው ፈቃድ የሚገባበት በር እርሱ ብቻ ነውና። በእጀታው ላይ የሚደረግ ለውጥም ከማጌጥ የከበደ ነገር የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የበሩን ክብደት ለማየት አንድ ብሎን ብቻ መመልከት ይበቃል። የሞተር መጋዝ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ የመጀመሪያዎቹን መጋዞች ለዓመታት የያዙ ሠራተኞች ጣቶቻቸው ደም እያጡ የሚነጡበትና የሚደነዝዙበት በሽታ ያገኛቸው ነበር፤ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጀታውን ከሞተሩ በጎማና በሞላ የለዩት በዚህ ምክንያት ነው። ያ ንዝረት በእጁ ላይ ብቻ አይሠራም፤ ብሎንንም እያላላ ያወጣል። አዲሱን እጀታ የገጠመው ሰው ብሎኑን ማጣበቂያ ሳይቀባ ካሰረው፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ እጀታው መወላወል ሊጀምር ይችላል። ከዚህም ሌላ ከፊት እጀታው ፊት ለፊት የቆመና ሲገፋ የሰንሰለቱን ፍሬን የሚያሠራ መከላከያ አለ፤ መጋዙ ጫፉ እንጨት ነክቶ ወደ ቆራጩ ሲፈናጠር ሰንሰለቱን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ለግማሽ እጀታ የተሠራው መከላከያ በቀኝ ጎን የሚይዝን እጅ አይሸፍንም፤ ስለዚህ ሙሉ እጀታ ገጥሞ ሰፊውን መከላከያ የተወ ሰው፣ ለእጁ አዲስ ቦታ ሰጥቶ ጥበቃውን በአሮጌው ቦታ ትቶታል ማለት ነው።

አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፍ ላይ ሳይታሰብ የሚደርስን ጉዳት ለሁለት ይከፍለዋል። የጉዳቱ መነሻ ከሰውየው ውጭ ከሆነ መጥፎ ዕድል ነው፤ ክፋት ባይኖርበትም መነሻው በራሱ ውስጥ ከሆነ ግን ስሕተት ነው፣ ስሕተት ደግሞ የባለቤቱ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ የተያዘ መጋዝ እጀታው ቢሰበር መነሻው ከያዡ ውጭ ነው ማለት ይቻላል። ያው እጀታ በያዡ እጅ ከተለወጠ በኋላ ቢሰበር ግን መነሻው ወደ ውስጥ ገብቷል። መጋዙን የሚለውጥ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከሠሪው ጋር የሠሪነትን ድርሻ ተካፍሏል።

የኦሪት ዘዳግም 19ኛ ምዕራፍ ይህንኑ ጉዳይ በእንጨት ቆራጮች ምሳሌ ያቀርበዋል። አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር ሲሄድ፣ መጥረቢያውን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ሕጉ ገዳዩን ነፍሰ ገዳይ አይለውም፤ ነገር ግን ምንም እንዳላደረገ አድርጎም አይለቀውም፣ ሸሽቶ የሚጠለልበት የመማፀኛ ከተማ ይሰጠዋል እንጂ። ይህ በንጽሕናና በወንጀል መካከል ያለ ቦታ ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና፣ ማለትም የአይሁድ መምህራን የቃል ሕግ ስብስብ፣ ማኮት በተባለው ክፍሉ በዚህ ላይ የተነሣ ክርክር መዝግቧል፤ ብረቱ ከእጀታው ሲወልቅ ብዙዎቹ ሊቃውንት ሰውየው ወደ መማፀኛው ከተማ ይሰደዳል ሲሉ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ አይሰደድም ይላል፤ ከሚፈለጠው እንጨት ፍንጣሪ ወጥቶ ሲገድል ደግሞ ፍርዳቸው ይገለበጣል። ከላይ ስለ ጉዳት መነሻ ከተነሣው ሐሳብ አንጻር ሲታይ የብዙዎቹ ሊቃውንት ፍርድ ይበልጥ ያሳምናል፤ የፍንጣሪው አቅጣጫ በእንጨቱ ባሕርይ የሚወሰን ሲሆን፣ የብረቱና የእጀታው መያያዝ ግን ሰውየው ወደ ዱር ከመሄዱ በፊት በእጁ ሆኖ ሊፈትሸው ይችል የነበረ ነገር ነውና።

በኢትዮጵያ ገጠር ለሚኖር አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም። የመጥረቢያው ብረት ከቀጥቃጭ ወይም ከገበያ ይገዛል፤ እጀታውን ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ጠርቦ፣ አስገብቶ፣ በሽብልቅ ያጠብቀዋል። ብረቱ ቢወልቅ ቀጥቃጩን የሚወቅስ የለም። በዚህ ልማድ ውስጥ እጀታ ከመጀመሪያውም የባለቤቱ ድርሻ ነው፤ እጀታውንም አስቀድሞ ለሁሉም ሰው ወስኖ የመስጠቱ ነገር የፋብሪካ ዘመን ያመጣው ሥርዓት ሲሆን፣ የኦሪገኑ ቆራጭ መጋዙን ሲፈታ የሚያደርገው ይህን የቆየ ድርሻ መልሶ መውሰድ ነው።

ታዲያ ኃላፊነትን የሚፈራ ሰው መጋዙን ሳይነካ ቢተወው አይሻልምን? ይህ መልስ ቀላል ቢመስልም ትክክል አይደለም። አምራቹ ያንን ገደል አላየውም፤ ሠራተኛው ግን በየዕለቱ ይቆምበታል፣ እጁ የሚጨብጠው እንደሚያጣም ያውቃል። እያወቀ በማይመች እጀታ መሥራቱን ቢቀጥል፣ የሚደርሰው አደጋ መነሻ እንደገና በራሱ ውስጥ ነው። ዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ሰው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ያልተሠራ ነገርም እንደ ተሠራው ሁሉ ሊያስጠይቅ ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ለቀጫጭን እንጨት ብቻ በሚያገለግል ትንሽ መጋዝ ላይ ለመልኩ ሲባል ትልቅ ጥርስ መግጠም ምንም የሚመልሰው ችግር ሳይኖር ክብደት ይጨምራል፣ የሚቆርጠውን የብረት ርዝመት ያሳጥራል፣ በልብስና በቁጥቋጦም ይያዛል። እንዲህ ያለው ለውጥ ከእውቀት ያልመነጨ በመሆኑ የሠሪነትን ሸክም ያለ ሠሪነት ጥበብ መውሰድ ነው፤ ሊነቀፍም ይገባዋል።

የቀረው ጥያቄ የሦስተኛው ሰው ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 6ኛ ምዕራፍ ብረቱ ወደ ዮርዳኖስ የወደቀበት ሰው የጮኸው መጥረቢያው የተዋሰው በመሆኑ ነበር፤ የተዋሰ ሰው ግዴታ በዚያ ታሪክ ግልጽ ነው። የተለወጠ መጋዝን ለሌላ የሚያውስ ወይም የሚሸጥ ሰው ግዴታ ግን ከዚያ ይከብዳል። ተቀባዩ መጋዙን ሲያይ የፋብሪካውን ስም አንብቦ በፋብሪካው ይተማመናል፤ እጀታው በሌላ ሰው እንደተሠራ፣ ብሎኖቹ በየጊዜው መጥበቅ እንዳለባቸው፣ ረጅሙ ጥርስ ከለመደው ቀድሞ እንደሚነክስ ማንም ካልነገረው አያውቅም። ይህን ሳይነግር መጋዙን ያስረከበ ሰው፣ አደጋው በደረሰበት ሰዓት በሌላ አገር ቢሆን እንኳ፣ ከያዘው ሰው ይልቅ ለመነሻው የቀረበ ነው።