የአደራ ምሥጢር የማን ነው?

ምሥጢር በአደራ የተቀበለ ሰው ምሥጢሩን ሊጠብቅ እንዲገባው የማያውቅ የለም። ነገር ግን ባለአደራው በሌላው ሰው ምሥጢር የገዛ ሥራውን ሊጋርድበት ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በሎንዶን ከተማ ባለው በኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ላይ ደርሶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ሲያከራክር ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች ሐኪሞች ጋራ ሆነው፥ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በሚሆን የሕዝብ ገንዘብ፥ ብዙ ሰው አልጋ ላይ ስለሚያውለው ስለ ማያቋርጠው የድካም ደዌ ምርመራ አደረጉ። 641 ሕመምተኞች በአራት ክፍል ተመደቡ። ሐሳብንና ልማድን በምክር ማቃናት፥ እንዲሁም የሰውነት እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ መጨመር ይጠቅማሉ የሚለው ውጤት በ2011 ላንሴት በተባለው መጽሔት ታተመ። በ2013 ደግሞ ሁለቱን ሕክምናዎች ከተቀበሉት ከየ100ው 22 ያህሉ ድነዋል ተባለ።

ሕመምተኞቹ ግን ጽሑፉን መረመሩት። ሰው የሰውነቱን ብርታት ከ100 በሚለካው መስፈሪያ 65 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ታማሚ ተብሎ ወደ ምርመራው ይገባ ነበር። ድኗል ለመባል በፊት የታሰበው ቁጥር 85 ሲሆን፥ በኋላ ወደ 60 ወረደ። እንግዲህ በ65 ታሞ የገባ ሰው ወደ 60 ቢወርድ፥ በዚህ በአንዱ መስፈሪያ ከዳኑት ወገን ይቈጠራል ማለት ነው። መርማሪዎቹ የፊተኛው ወሰን እጅግ የጠበቀ ነበር ብለው መልሰዋል። ይህ መልስ እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ግን መዝገቡ ሲታይ ነው።

ስለዚህ በ2014 ከታማሚዎቹ አንዱ፥ በ2000 ዓ.ም. በወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት መዝገቡ ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ። የለመነው ስም፥ ዕድሜ ወይም የመኖሪያ ስፍራ አይደለም፤ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው እንቢ አለ። የመረጃ ኮሚሽነሩ በ2015 ስጡ ብሎ ቢወስን፥ ዩኒቨርሲቲው ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ ለጠበቆች ከፍሎ ይግባኝ አለ።

ምክንያቱ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። ስም ባይኖርም ብልህ ጠላት ታማሚውን ሊለየው ይችላል፤ ቃላችንን ካፈረስን ወደፊት ማን ሰውነቱን ለምርመራ ይሰጣል? አለ። ገመናውን ለሐኪም ገልጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚህን ነገር ክብደት ያውቀዋል። ደግሞም ጠያቂዎቹ ተመራማሪዎችን የሚያስጨንቁ ናቸው ብሎ አመለከተ፤ ዳኞቹ ግን ይህን ክስ እጅግ የተጋነነ ሆኖ አገኙት።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን ያደከመው ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ከመዝገቡ አስቀድሞ ለሌሎች ሊቃውንት አካፍሎ ነበር። ምሥጢሩ በእውነት የታማሚው ከሆነ፥ ባለቤቱ ያልፈቀደው ለወዳጅም ለተቃዋሚም አይገለጥም። ስም ተነሥቶለት ለወዳጅ ሊታይ የሚችል ከሆነ ደግሞ፥ የሚጠይቀው ሰው ተጠራጣሪ በመሆኑ ብቻ ወደ ምሥጢርነት አይለወጥም። በር ለአንዱ ተከፍቶ ለአንዱ ሲዘጋ፥ የሚጠበቀው በቤቱ ያለው ዕቃ ነው ወይስ የበረኛው ክብር? ዩኒቨርሲቲው ይህን ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ምናልባት ያን ሁሉ ገንዘብ ባላወጣ ነበር። ይሁንና ጠባቂ የራሱን ክብርና የባለቤቱን ጥቅም አንድ አድርጎ ማየት የሚጀምረው አስቦበት አይደለም፤ በቅንነት እያለ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

በነሐሴ 2016 ዳኞቹ ባለመስማማት፥ በአብላጫ ድምፅ ይግባኙን ጣሉት፤ ወር ሳይሞላ ቁጥሩ ተሰጠ። መጀመሪያ በታሰበው መስፈሪያ እንደ ገና ሲቈጠር፥ 22 የተባሉት ከየ100ው 7 እና 4 ብቻ ሆኑ። መርማሪዎቹ ከሐሳባቸው ንቅንቅ አላሉም። በ2021 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፥ በዚህ ክርክር ብቻ ሳይሆን ብዙ ሌላ ማስረጃም መዝኖ፥ እየተጨመረ የሚሄደው እንቅስቃሴ ለዚህ ደዌ ሕክምና ሆኖ እንዳይሰጥ ጻፈ።