«አባዬ የለም በለው»

ዛሬ ስለ ገንዘብ የምጽፈው ሀብታም ስለሆንኩ አይደለም፤ ባለዕዳ ስለነበርኩ ነው።

መርካቶ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ገቢዋ ለቤቴ አንሶ አያውቅም። ነገር ግን የዕለቱን ሽያጭ ሳልጽፍ ከመሳቢያው እያነሳሁ አወጣ ነበር። ባለቤቴ «ኧረ ሒሳብ ያዝ» ስትለኝ «ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው» እላታለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ የእኔ ግን ተወኩል ሳይሆን ስንፍናን በዲን መሸፈን ነበር። ታናሽ ወንድሜን ስድር ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ከጎረቤት ነጋዴ ተበድሬ በሬ ጣልኩ።

የመክፈያው ቀን ሲያልፍ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰውዬው እንዳያገኘኝ በሌላው በር መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጣ። የሰባት ዓመት ልጄን «አባዬ የለም በለው» ብዬ ላክሁት። ብሎት ተመለሰ። ያኔ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ባለዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ሐዲሱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ተሰዶ ባዶ እጁን መዲና ሲገባ፣ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብቱን ግማሽ ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። እርሱ ግን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ፤ በበኑ ቀይኑቃዕ ገበያም ቅቤና አይብ ይነግድ ጀመር። ይህን ታሪክ የምናወራው ስለ ሀብቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ልቡ ነው፤ ባዶ እጁን ሆኖ የሰው እጅ አላየም፣ ያለው ለመምሰልም አልቸኮለም። ሲያገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ ነበር ያዘዙት። እኔ በሬ፣ ያውም በሰው ገንዘብ!

«ኑሮው ነው እንጂ» የሚለኝ አይጠፋም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር አቅም ምን ያህል እንደወረደ እኔም ጨርቅ ሳስመጣ አይቻለሁ። ደመወዙ ለልጆቹ ቀለብ ያልበቃውን ወንድም ደብተር ግዛ አልለውም፤ እርሱ ዘካችንን ነው የሚፈልገው። እኔ ግን እንደዚያ አልነበርኩም።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። ልጄን ይዤ ሰውዬው ሱቅ ሄድኩና፣ ትናንት ቤት ውስጥ እንደነበርኩ ልጁ እየሰማ ነገርኩት። ዕዳውን በአሥራ አራት ወር ጨረስኩ። የመጨረሻውን ገንዘብ ቆጥሮ ያስረከበው ልጄ ነው።