ወላጅና እናት

በአማርኛ «ወላጅ እናት» ይባላል። መውለድ ብቻውን እናት የሚያሰኝ ቢሆን ኖሮ «ወላጅ» የሚለው ቅጽል ትርፍ በሆነ ነበር። ሕዝቡ የጡት እናት፣ የክርስትና እናት፣ እንጀራ እናት እያለ ሲለይ እናትነትን ከማኅፀን ውጭም እንዳየው ያስረዳል። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስገርመው የመጨረሻው ነው፤ እንጀራ የምታበላው ሴት ስሟ የጭካኔ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷልና። (ለብዙዎቹ እንጀራ እናቶች ስሙ ፍርደ ገምድል መሆኑ አይካድም።) እንግዲያው ማብላትም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ታዲያ እናትነት ምንድን ነው?

ጥያቄው በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ተጨባጭ መልክ ይይዛል። አውቶቡስ ተራ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ መንገደኛ የሚራገፍበት ስፍራ በመሆኑ፣ ዘመድ ሳይኖረው ከአውቶቡስ የሚወርድ ልጅ እዚያ ብርቅ አይደለም። ልጁ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ይጠርጋል፤ ከበርበሬ ተራ ወደ ሸማ ተራ ዕቃ ይሸከማል። ጉልት የተቀመጠች ሴት ቁራሽ ዳቦ ብትሰጠው መጸወተች፤ ምግባሯ የተመሰገነ ነው፣ ሒሳቡም እዚያው ይዘጋል። በማግስቱ «ትናንት የት አደርህ?» ብላ ከጠየቀችው ግን ሌላ ነገር ተጀምሯል። መልሱ «በረንዳ» ከሆነ እንደ ቀድሞዋ ዝም ብላ ወደ ቤቷ መግባት ይቸግራታል፤ የገዛ ጥያቄዋ አስሯታልና። ይህች ሴት ጎረቤት መካን እያለ የሚያማት ልትሆን ትችላለች። ጥያቄው ከአንድ ሽማግሌ ተሸካሚ አፍ ቢወጣም ባሕርዩ አይለወጥም።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲወርዱ ረኀብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። ስንቃቸውን አካፍለው ቢመለሱ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱ ሌሎችን አስከተሉ፤ ብዙም ሳይቆይ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ተቃወሙ፤ ወይዘሮዋም ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ።

እዚህ ላይ ተራኪ ሁሉ ባልየውን መኰነን ይቀናዋል። ነገር ግን ቤት ወሰን አለው፤ «እስከ ስንት?» ማለት የማንኛውም አባወራ ጥያቄ ነው፣ አግባብም አለው። እናትነት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። አሥረኛውን የተቀበለ እጅ አሥራ አንደኛውን በምን ምክንያት ይገፋል? የእናትነት ጽናቱም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፤ የሚከፈለውም ከራስ ኑሮ ተቆርሶ ነው።

ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ለአያሌ ሺህ ሕፃናት ደርሶ ነበር። «የሺዎች እናት» መባላቸው ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ አንዲትን ሴት የሺዎች እናት ያሰኛት፣ ሺዎቹ ሌላ ጠያቂ ማጣታቸውም ጭምር ነው። ውዳሴው በበዛ ቁጥር ይህ ይሸፈናል፤ አወዳሹም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።