አምላክ ይመግባል ስንል ምን ማለታችን ነው?



በመርሳም ሆነ በወልድያ ሰው ሲቸግረው ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «እግዜር ያውቃል» የሚለው ነው። ዝናብ ሲዘገይ፣ ማሽላው ሳያሸት ሲደርቅ፣ ለተማሪ ልጅ የሚላክ ገንዘብ ሲታጣ ይህ ቃል ይነገራል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ወጣት የሚያምነውን መመርመር ስለሚገባው አንድ ከባድ ጥያቄ ላንሣ። እግዚአብሔር የሚታመኑበትን የሚመግብ ከሆነ፣ በዚሁ በወሎ ምድር በረኃብ ስላለቁት ወገኖቻችን ምን እንላለን?

«እምነታቸው ጎድሎ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ግን ሐሰት ነው፤ ከሞቱት መካከል ከእኛ ይልቅ የሚጾሙና የሚጸልዩ አባቶችና እናቶች ነበሩ። «ቁጣ ነው» የሚልም አለ። ጡት የሚጠባው ሕፃን ታዲያ በምን በደሉ?

ይልቅስ የሆነውን ቀርበን እንመልከት። በ1964 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይሰምር ቀረ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ከሸፈ። ገበሬው ጎተራው ሲራቆት ከብቱን ወደ ገበያ አወጣ፤ ሁሉም ሻጭ ሲሆን ግን የከብት ዋጋ ወደቀ። ሥራ ያጣው የቀን ሠራተኛም የሚገዛበት አልነበረውም። በሰሜኑ አውራ ጎዳና ዳር የተራቡ ሰዎች መኪና እያስቆሙ ምግብ ለመኑ። መንግሥቱም ረኃቡን ከመግለጽ ይልቅ ሸሸገው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በዚያ ዘመን በሀገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ከወትሮው ብዙ አላነሰም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል ነበር። እንግዲህ ሕዝቡ ያለቀው በሀገር እህል ጠፍቶ ሳይሆን፣ የሚገዛበት አጥቶና የሚደርስለት ዘግይቶ ነው። የተሰጠው እንጀራ በመንገድ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው የእግዚአብሔር መግቦት አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ በኩል የሚያልፍ መሆኑን ነው። ነቢዩ ኤልያስን አስቀድመው ቁራዎች መገቡት፤ በኋላ ግን የሚጠጣው ፈፋ ደረቀ፤ ከዚያም የተላከው ከእርሱ ይልቅ ወደ ተቸገረች ወደ ሰራፕታ መበለት ነበር። የግብፅንም ሕዝብ ያዳነው ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን የሰበሰበው እህል ነው። መበለቲቱ እጇን ብታጥፍ፣ ዮሴፍም ጎተራውን ቢዘጋ ኖሮስ? አምላክ ሰውን ነፃ አድርጎ ስለ ፈጠረው፣ የሚዘረጋ እጅ እንዳለ ሁሉ የሚታጠፍ እጅም አለ። ስለዚህ የጠገበ ሰው ለተራበው «እግዜር ያውቃል» ብሎ ቢያልፍ፣ እምነቱን መግለጡ ሳይሆን ዕዳውን ወደ እግዚአብሔር ማዛወሩ ነው።

«ሁሉ በሰው እጅ ከሆነ፣ ለመታመን ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። መታመን ከአምላክ ጋር የሚደረግ የንግድ ውል አይደለም። ሠለስቱ ደቂቅ አምላካቸው ከእሳቱ ሊያድናቸው እንደሚችል አምነው ነበር፤ ባያድናቸውም ለጣዖት እንደማይሰግዱ አስቀድመው ተናገሩ። በችግር ጊዜ የሚታመን ሰውም «መከራ አይነካኝም» አይልም፤ መከራው ሌባ፣ ጨካኝ ወይም ተስፋ ቢስ እንዳያደርገው ራሱን ለአምላኩ ይሰጣል እንጂ።

ይህን በራሳችን ዘመን አይተነዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ላይ በነበረ ጊዜ ባንክ ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ ደመወዝ ቆመ። ብዙ ቤተሰብ ያንን ጊዜ ያለፈው ጎረቤት ለጎረቤት ዱቄት እየተበዳደረ፣ ተፈናቃይ እየተቀበለ ነው። ለሰው መድኃኒቱ ሰው መሆኑን ያኔ ከቃል አልፈን በዓይናችን አየን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሀገር ችግረኛውን ይልቁንም ተማሪውን የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። ምሳ ሳይበላ «በልቻለሁ» የሚል፣ የትራንስፖርት አጥቶ «አሞኝ ነው» ብሎ ከትምህርት የሚቀር ጓደኛ በየዩኒቨርሲቲው አለ። ለወንድም ችግርን መንገር የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ኤልያስም መበለቲቱን ውኃና እንጀራ ለምኗታል። የሚሠራ እጅ እንዲሠራ፣ የጎደለበትም እንዲናገር፣ የሰማም ሳያሳፍር እንዲሰጥ ያስፈልጋል። «አባታችን ሆይ» ስንጸልይ እንጀራን የምንለምነው ለየራሳችን ሳይሆን ለሁላችን መሆኑን ልብ እንበል።

ስለዚህ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በሚመጣው እሑድ ከጉባኤው ስንወጣ ከጎናችን የተቀመጠውን ሰው «እንዴት ሰነበትህ?» ብለን መልሱን ሳንሰማ አንለፍ። ምናልባት እርሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቀው የሰነበተው የእግዚአብሔር መግቦት በእኛ ኪስ ውስጥ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።