የጭልፊት መንገድ የማን ነው?

በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 39 ፈጣሪ ኢዮብን ስለ ጭልፊት ወደ ደቡብ መብረር ይጠይቀዋል። በረራው የሰው ጥበብ ሥራ አይደለም። ታዲያ ሰው ባልቀየሰው መንገድ ላይ የነፋስ ተርባይን የመትከል መብት ከየት ያገኛል?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ከ240,000 በላይ አዳኝ አእዋፍ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ ተቆጥረዋል። በሞቃት አየር እየተንሳፈፉ ስለሚጓዙ ሰፊ ባሕር ይሸሻሉ፤ ጠባቡን ሰርጥ ይመርጣሉ። ከጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ ደግሞ የአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይገኛል።

በሌላ በኩል፣ በጫግኒ ከተማ ዙሪያ በኩራዝ የሚያጠና ልጅም መብራት ይገባዋል። ይህን ፍላጎት ማቃለል ግፍ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ በግብፅ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ የአእዋፍ መንጋ ሲቃረብ ተርባይኖች ለጊዜው ይቆማሉ። የሚሻለው ግን ከመትከል በፊት የአእዋፉን መንገድ አጥንቶ ቦታ መምረጥ ነው፤ ብዙ ንስሮች በዓመት ከአንድ ወይም ከሁለት ጫጩት በላይ ስለማያሳድጉ በተርባይን ተመትቶ የሞተው ቶሎ አይተካም።